ሳህኑን ማን ቆረጠው?

የሰሜን ተራሮች ወፎች ፎቶ ላይ ሰው የለም። ባለ ጺሙ አሞራ አለ፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ከበታቹ ገደሉ ጉም ለብሶ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ያ ትልቅ ቁራ አለ፤ ምንቃሩ ከጭንቅላቱ የሚከብድ የሚመስለው። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት የደጋ እርግብ አለች። ቋጥኙ አለ፣ ጅባራው አለ፣ የጠዋቱ ብርሃን አለ። ሰው ግን፣ የአዲስ አበባ ልጆች እንደሚሉት፣ «ወፍ የለም»።

ይህን የምለው ፎቶዎቹ ስለማያምሩ አይደለም። ያምራሉ፤ የእኔም ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በስልኬ የሚደርሱኝን፣ በየዓመቱ በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚታተሙትን፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን ሳይ አንድ ፎቶ ደጋግሜ የማይ ይመስለኛል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ የገባበት፣ ጀርባው እንደ ቀለጠ ቅቤ የተዋሐደ። ወፉ እዚያ ድንጋይ ላይ ለምን አረፈ? ምን ሊበላ መጣ? ማን ነበር አጠገቡ? ፎቶው ትንፍሽ አይልም።

ይህ አነሳስ የትውልድ አገር አለው። አገሩ ጫካ አይደለም፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጓሮ ነው። እዚያ ሰው ከገበያ እህል ገዝቶ በጓሮው ዛፍ ላይ ለወፍ ይሰቅላል። ፎቶ አንሺው ደግሞ ከመመገቢያው አጠገብ አንድ የሚያምር ደረቅ ጭራሮ ያስራል። ወፍ ቀጥ ብላ ምግቡ ላይ አትወርድም፤ መጀመሪያ አጠገቡ አርፋ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች። ሌንሱ የተነጣጠረው ጭራሮው ላይ ነው። መመገቢያው ከፎቶው ጠርዝ ውጭ አንድ ስንዝር ርቆ ተንጠልጥሏል። ባለ 400 ወይም ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የጎረቤቱን አጥርና የተሰጣውን ልብስ አቅልጦ አረንጓዴ ጭጋግ ያደርገዋል። የወጣው ፎቶ «ዱር» ይላል፤ ወፏ ግን የምሳ ሰልፍ ላይ ነች።

ሰው ከወፍ ፎቶ መውጣት የጀመረው ገና ከጠዋቱ ነው። እንግሊዛውያኑ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ወፎቹ እንዳይሸሹባቸው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ አሠርተው ሆዱ ውስጥ ተሸጉጠው ያነሱ ነበር። ሳስበው ሁሌም ያስቀኛል። የኛ ቁራ ቢሆን በሬው ለምን እበት አይጥልም ብሎ ይጠረጥር ነበር፤ ምክንያቱም ያ ትልቅ ምንቃር ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ እበት እንደ ማጭድ እየመታ መበተንና ውስጡ ያለውን ትል መልቀም ነው።

መመገቢያውን ከፎቶ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከወፏ መቁረጥ ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ የምትኖር አንዲት የተለመደች የጓሮ ወፍ ምንቃሯ በኔዘርላንድ ካሉት ዘመዶቿ እንደሚረዝም አሳይቶ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ እንግሊዞች በየጓሯቸው የሚሰቅሉት ምግብ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። እንግዲህ «ንጹሕ» በሚባለው ፎቶ ላይ በጥራት የሚታየው ምንቃር ራሱ ሰው ያለበት ምንቃር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ተራራ ልመለስ። ሰሜን ውስጥ ለወፍ እህል የሚሰቅል ጓሮ የለም። መመገቢያ ግን አለ፤ ጨነቅ ካምፕ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከ3,600 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ፣ የቱሪስቶቹ ድንኳን በተተከለበት ሜዳ ጥግ፣ ማብሰያ ቤቱ አለ። ቁራዎቹ ደጁን ይጠብቃሉ። ድስት ሲከደን፣ ድንች ሲላጥ፣ አጥንት ሲጣል ያውቃሉ። ፎቶ አንሺው «የሰሜን ተራሮች የዱር ቁራ» ብሎ ያመጣልን ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ደጅ ጥቂት እርምጃ ላይ የተነሳ ነው። ወጥ ሠሪዋ፣ በቅሎ ነጂው፣ ጠመንጃውን ያነገተው ስካውት፣ ሁሉም ከጠርዙ ውጭ ናቸው።

አንድ የደባርቅ ልጅ፣ ሥራው አስጎብኚነት የሆነ ወዳጄ፣ በስልኩ ያነሳው ፎቶ አለው። ቁራው የጠቆረ ድስት አፍ ላይ ቆሟል። ምንቃሩ ላይ ሽሮ ተለጥፏል። በቀኝ በኩል ጭልፋ የያዘ የሴት እጅ ይታያል፤ እጁ ለማባረር የተነሳ ይሁን ለመስጠት አይለይም። ትንሽ ተንቀሳቅሷል፣ ጥራቱም የስልክ ጥራት ነው። ለአንድ ውድድር ልኮት ነበር፤ «እጁ ባይኖር ጥሩ ነበር» ተባለ። እኔ እጁ ባይኖር ፎቶውን ሁለት ጊዜ አላየውም ነበር። ከዚያ እጅና ከዚያ ምንቃር መካከል ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት፣ በሰሜን ላይ ከተነሱት የገደል ፎቶዎች ሁሉ በላይ ስለ ሰሜን ይነግረኛል።

ሳህኑ ሁልጊዜ አልተቆረጠም። ስለዚህ ተራራ ወፍ ከተጻፉት የቆዩ ዝርዝር ጽሑፎች መካከል አንዱ የሚጀምረው በሳህን ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን ወጣ። ዛሬ ከደባርቅ ወደ ታች የሚጠማዘዘውን መንገድ ያየ ያንን አቀበት ያውቀዋል። አናቱ ላይ ሲደርሱ አሽከሮቹ ደክሟቸው ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ የፍየል ሥጋ ቀርቧል። ያን ጊዜ ባለ ጺሙ አሞራ መጣ። ብሩስ በጉዞው መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ (እ.ኤ.አ. 1790) እንደሚተርከው፣ አሞራው ከሰማይ ተወርውሮ አልመጣም፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬቱን እየበረረ መጥቶ ሰዎቹ በሠሩት ክብ ውስጥ ሥጋው አጠገብ አረፈ። እንደ ተጋበዘ እንግዳ። ሰዎቹ ጦርና ጋሻ ሊያነሱ ተሯሯጡ። እሱ ውኃ ውስጥ ወዳለው ትልቁ ሥጋ እግሩን ሰደደ፤ ፈጀው፤ መልሶ አወጣው። ከዚያ የእንጨት ገበታ ላይ ከነበሩት ሁለት ብልቶች፣ ከታፋውና ከወርቹ፣ በሁለት እግሩ ጨብጦ እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ብሩስ የሚያደርገውን ልብ በሉ። አሞራው ተመልሶ እንደሚመጣ ሲነግሩት ጠመንጃውን አጉርሶ ገበታው አጠገብ ተቀመጠ። ጭራሮ አጠገብ እንደሚቀመጠው የዛሬው ፎቶ አንሺ ማለት ነው። አሞራው መጣ፤ ብሩስ ተኮሰ። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፣ መዘነው፤ 22 ፓውንድ ብሎ ጻፈ፤ ይህ አሥር ኪሎ ያህል ነው፤ ለዚህ ወፍ ትንሽ በዝቷል፤ ብሩስ ማጋነን አይጠላም። ሲያነሳው እጁን የሸፈነውን ቢጫ አቧራ ሳይቀር መዘገበ። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ አሞራ ብረት ባለበት ቀይ አፈር ላባውን ራሱ ይቀባል፤ በፎቶ ላይ የምናደንቀው ያ የደረቱ ብርቱካናማ ቀለም ከአፈር የተወሰደ ነው። ስሙንም ከሰዎቹ አፍ ሰምቶ «ንስር ወርቅ» ብሎ ጻፈ።

ብሩስ ገዳይ ነው፤ ለሱ ጠበቃ የምቆምበት ምክንያት የለኝም። ግን እንደ ተመልካች ስመዝነው ከዛሬዎቹ ይልቅ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ። አሞራው ለምን እንደመጣ ነገረን፦ ሥጋ ነበረ፣ ሰዎች ነበሩ፣ ድስቱ ይፋጅ ነበር። የተቃጠለች እግር ያላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ወፍ ረኃብና ድፍረት የነገረችኝን፣ ክንፉን የዘረጋ መቶ ፎቶ አልነገረኝም። በነገራችን ላይ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። ፎቶ «እናነሳለን»፤ አሞራውም «ጥንብ አንሳ» ነው። ሁለታችንም የምናነሳው ከአንድ ገበታ ይመስለኛል፤ እሱ ግን ገበታውን አይክድም።

ከብሩስ 60 ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሳይንቲስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ደርሶ የሰበሰበውን ወደ ፍራንክፈርት ላከ። ያ ትልቅ ቁራ፣ ያቺ የደጋ እርግብ፣ ቀይ ቀበሮውና ዋልያው ሳይቀሩ በዓለም ሳይንስ የተመዘገቡት በሱ እጅ ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዛሬም ድረስ አንድ አሞራ በስሙ ይጠራል። ወፉን ለብቻው ነጥሎ፣ ቆዳውን አድርቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ ለሳይንስ የግድ ነበር። ለሥዕል ግን የግድ አልነበረም። ሳይንስ ለመለየት ብሎ ያደረገውን ፎቶ አንሺው ለውበት ብሎ ወረሰው።

እኛስ ወፍ እንዴት እንስል ነበር? መልሱ ያለው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያልሳለ ሠዓሊ የለም ማለት ይቻላል፤ አቦ። ሰውነቱ በጠጉር የተሸፈነ፣ ከግራ ከቀኝ አንበሳና ነብር፤ ፊቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ወፍ። ወፏ ከዓይኑ እንባ ትጠጣለች። ውኃ ጠምቷት መጥታ ነው፤ እሱም ዓይኑን ሰጣት። በየወሩ በ5 አቦን የሚዘክር ሰው ሁሉ ይህን ሥዕል ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም አያየውም። እስቲ እንደ ወፍ ሥዕል ብቻ እዩት። መመገቢያው አልተቆረጠም፤ እንዲያውም መመገቢያው የሥዕሉ መሐል ነው። ወፏ ትንሽ ነች፤ ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነች እንኳ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ላባዋን የቆጠረ ሠዓሊ የለም። ሠዓሊው የሳለው ወፏንና ሰውየውን ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚያልፈውን ጠብታ ነው። ደግሞ የዋህ ሥዕል እንዳይመስላችሁ፦ በዚያው በጻድቁ ታሪክ ውስጥ ሰይጣን ቁራ ሆኖ መጥቶ ዓይኑን ያጠፋዋል። አንድ ዓይን፣ ሁለት ወፍ፤ አንዱ የሚነጥቅ፣ አንዷ የምትጠጣ። ወፍ ወደ ሰው ሲጠጋ ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ሠዓሊዎቻችን ያውቁ ነበር።

ሌላው ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በትውፊቱ መሠረት የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ በሰሜን ተራሮች ነው። ከኤደን የመጡ ሦስት ወፎች ዜማ አሰሙት ይባላል። በሥዕሉ ላይ ወፎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ያሬድ ከታች ይዘምራል፤ የንጉሡ የገብረ መስቀል ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደም ይፈሳል፤ ሁለቱም አልሰሙም። እዚህ ደግሞ ሰጪዎቹ ወፎቹ ናቸው፤ ተቀባዩ ሰው ነው። «ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል» የሚለው ተረት ለያሬድ አይሠራም፤ እሱ የወፎቹን አገር ጩኸት ነው የተማረው። ሦስቱን ወፎች ለብቻቸው ቆርጣችሁ ብታወጧቸው ግን ምን ይቀራል? ጌጥ።

ይህን የማነሳው «ድሮ ጥሩ ነበር» ለማለት አይደለም። የግድግዳው ሥዕል ወፍ ማወቂያ መጽሐፍ አይሆንም፤ የፎቶውም ጥራት ከንቱ አይደለም። የምለው በዚህ አገር ወፍን ከሰው ጋር የማየት ልማድ በሥዕልም በኑሮም ነበረ፤ ካሜራው ሲመጣ ግን ልማዱን አልጠየቀውም ነው።

ኑሮውን ካነሳሁ ደረስጌን ላንሳ። ደረስጌ ማርያም በታሪክ የምትታወቀው ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ያሠሯት፣ ግን እሳቸውን ድል የነሱት ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት በመሆኗ ነው። ያለችበት ወረዳ ስሙ ጃን አሞራ ነው። ጃን አሞራ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ጭፍራ ስም ነበር፤ ወፉን ለጦር ሠራዊት፣ ከዚያም ለአገር ስም የሰጠ ሕዝብ ነው እንግዲህ። ለደረስጌ ገበሬ «ፈረንጅ እህል ገዝቶ ለወፍ ይሰቅላል» ብላችሁ ብትነግሩት ይስቃል። ለሱ ወፍ መመገብ ሳይፈልግ የሚሠራው ሥራ ነው። ገብሱ ሲያሽት ይመገባል፣ አውድማው ላይ ይመገባል፣ የተሰጣው ብቅል ላይ ይመገባል። በዓል ሲሆን ደግሞ ዝክሩ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ይበላና ፍርፋሪው ለዛፎቹ ነዋሪዎች ይተርፋል። ማንም ይህን «የወፍ እንክብካቤ» አይለውም።

ወደ ታች፣ ማሽላ ወደሚበቅልበት ቆላ ስትወርዱ ማማው አለ። በእንጨት የቆመ መቆሚያ ነው፤ ላዩ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። የትኛዋ ወፍ ብቻዋን እንደምትመጣ፣ የትኛዋ ጓደኞቿን እንደምትልክ፣ ግሪሳ ከሩቅ ሲመጣ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር ያውቃል። ለግሪሳ ወንጭፍ አይበቃም፤ መንግሥት አውሮፕላን አምጥቶ መድኃኒት የሚረጭበት ጊዜ አለ። በዚህ አገር ወፍ ሲያይ የሚውል ሰው ካለ ያ ልጅ ነው፤ ቢኖኩላር ስለሌለው ግን ወፍ ተመልካች የሚለው የለም። የዕለት እንጀራው ከወፏ ምንቃር ጋር ስለሚሻማ፣ እይታው ከኛ ሁሉ የበለጠ የነቃ ነው። ማማው ያለበት የወፍ ፎቶ ፈልጌ ነበር። የማማ ፎቶ አለ፣ «የገጠር ሕይወት» በሚለው ክምር ውስጥ፤ የወፍ ፎቶም አለ፣ «ተፈጥሮ» በሚለው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳ አላገኘሁም።

ይህ አከፋፈል የፎቶ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ ድረስ አልጽፍም ነበር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በፓርኩ ውስጥ የሰፈረው ሰውና የሚግጠው ከብት ነበሩ። በ2016 ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች ከተራራው ተነስተው ደባርቅ ሠፈሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ግጦሹ ተጎድቶ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም፤ ዋልያም መሬት ያስፈልገዋል። እኔ ስለ ፎቶው ብቻ ነው የምናገረው። ግጭ በፎቶ ላይ ባዶ የሆነችው ሰዎቹ ከመነሳታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ጎጆው፣ የገብስ ማሳው፣ ከብቱን የሚነዳው ልጅ ከጠርዙ ውጭ ሲቆረጡ ከረሙ። «ድንግል ተፈጥሮ» የሚለውን ፎቶ ለዓመታት ያየ ሰው፣ የሰዎቹን መነሳት ሲሰማ የሚጎድልበት ነገር አይኖርም፤ ቀድሞውኑ አላያቸውማ። የግጭን ከብት እየተከተለ እበት ይበትን የነበረው ቁራ ግን መጉደሉን ሳያውቅ አልቀረም።

ፎቶ አንሺዎቻችንን ወፉን መግቡ አልላቸውም። የዱር እንስሳ በሰው ፍርፋሪ ሲለመድ ምን እንደሚበላሽ የፓርኩ ስካውቶች ከኔ ይልቅ ያውቃሉ። ሌንሳችሁን ጣሉም አልላቸውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከፎቶው ሥር፣ የሌንሱን ቁጥርና የብርሃኑን ልክ በምትጽፉበት ቦታ፣ ወፉ ምን እየበላ እንደነበረና ምግቡ የማን እንደነበረ አንድ መስመር ጨምሩ። የሚከብዳቸው ይመስለኛል፤ ብዙዎቹ ፎቶዎች ያቺን መስመር አይሸከሟትም።

ወዳጄ ግን አልከበደውም። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ደውዬ ለቁራው ፎቶ ምን ብዬ ልጻፍለት አልኩት። «ጨነቅ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በል፣ ጋሼ» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «ሽሮው የኛ የአስጎብኚዎቹ ነበር፤ ቱሪስቶቹ ፓስታ ነው የበሉት፤ እሱንም ጻፈው።»